የጎጃም በርበሬን ወደ ውጭ ለመላክ፦ ገዢ ከመፈለጋችሁ በፊት የምታከናውኗቸው ሥራዎች

ከቡሬ፣ ከወምበርማ፣ ከጃቢ ጠህናንና ከአካባቢው በርበሬ የሚሰበስቡ ድርጅቶችና ዩኒየኖች ደጋግመው የሚያነሱልን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ምርቱ አለን፣ መጋዘኑም አለን፤ የውጭ ገዢ ከየት እናግኝ?» ገዢ ማግኘቱ ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ገዢው በመጀመሪያው መልእክቱ «እርጥበቱ ስንት ነው? አፍላቶክሲኑስ (ሻጋታ የሚያመርተው መርዝ)? ይህ ጆንያ ከማን ማሳ መጣ?» ብሎ ሲጠይቅ በቁጥር መመለስ ነው። ይህን የሚችለው ሥራውን የሚለካ፣ የለካውን የሚጽፍና ባወቀው መሠረት አሠራሩን የሚለውጥ ድርጅት ብቻ ነው።

ፈጠራ ሲባል አዲስ ማሽን መግዛት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ለበርበሬ ላኪ ግን ዛላውን ከመሬት ወደ ቆጥ ማንሳት፣ ዋጋን በእርጥበት መተመን፣ ለእያንዳንዱ ጆንያ ቁጥር መስጠት ፈጠራ ነው። የውጭ ገበያን በር የሚከፍቱትም እነዚህ ናቸው።

መመሪያው ከ20 እስከ 50 ኩንታል ደረቅ ዛላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመላክ ለሚያስብ ድርጅት የተዘጋጀ ነው። ዝግጅቱን በነሐሴ ጀምሩ። ለቀማው ከጥቅምት ጀምሮ ስለሚደርስ ያኔ መለኪያ ፍለጋ ከወጣችሁ ዓመቱ አለፈባችሁ ማለት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 0.1 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛንና እስከ 100 ኪሎ የሚመዝን ትልቅ ሚዛን
- ትንንሽ ዲጂታል የአየር እርጥበት መለኪያዎች (ቢያንስ 3)
- አየር የማያስወጣ ክዳን ያላቸው 1 ሊትር የሚይዙ የመስታወት ማሰሮዎች (6)
- ለማድረቂያ ቆጥ የሚሆን እንጨት ወይም ቀርከሃ፣ የሽቦ ወይም የናይለን ወንፊት፣ ግልጽ ፕላስቲክና ሸራ
- አዲስ ጆንያ፣ የማይለቅ ቀለምና የካርድ ወረቀት
- ሦስት ጠንካራ መዝገብ፦ የግዢ፣ የማድረቂያና የሙከራ
- ለሠራተኞች የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ፣ ጓንትና የዓይን መነጽር
- ለላቦራቶሪ ምርመራ የተያዘ በጀት። በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ ለ6 ናሙናዎች ያዙ። ከሁሉም ቀድሞ ሊቆረጥ የሚታሰበው ይህ በጀት ነው፤ አትቁረጡት።

ደረጃ 1፦ የገበያውን መስፈርት በአንድ ገጽ ላይ ጻፉ

መድረሻችሁን ሳትመርጡ ጥራት ማለት ምን እንደሆነ አታውቁም። አንድ ገጽ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ፤ በግራ ገበያው የሚጠይቀውን፣ በቀኝ የእናንተ በርበሬ ያለበትን ጻፉ። የቀኙ ረድፍ በመጀመሪያ ባዶ ይሆናል፤ ቀጣዮቹ ደረጃዎች እሱን የሚሞሉ ናቸው።

በአውሮፓ ኅብረት የደረቀ በርበሬ አፍላቶክሲን ቢ1 በኪሎ ከ5 ማይክሮግራም፣ ጠቅላላ አፍላቶክሲን ከ10 ማይክሮግራም፣ ሌላው የሻጋታ መርዝ ኦክራቶክሲን ኤ ከ20 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። አምስት ማይክሮግራም በኪሎ ማለት በአንድ ቶን በርበሬ ውስጥ 5 ሚሊግራም ነው፤ በዓይንም በምላስም አይለይም። በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ እርምጃ የሚወስደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን በኪሎ ከ20 ማይክሮግራም ሲያልፍ ነው። በሽታ አምጪው ባክቴሪያ ሳልሞኔላ በ25 ግራም ናሙና ውስጥ ጨርሶ እንዳይገኝ ገዢዎች ይጠይቃሉ። እርጥበት አብዛኛውን ጊዜ ከ11 በመቶ በታች ነው የሚፈለገው። ቀለምና የማቃጠል ኃይል ገዢው በሚፈልገው መጠን ስለሚወሰን እሱን ጠይቁ።

የአውሮፓ ኅብረት ስጋት አለባቸው የሚላቸውን ምርቶችና የሚመጡባቸውን አገሮች በልዩ ቁጥጥር ዝርዝር ያስገባል፤ ዝርዝሩንም በየ6 ወሩ ይከልሳል። የኢትዮጵያ ቅመማ ቅመም በአፍላቶክሲን ምክንያት በዚህ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ያውቃል። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት የወቅቱን ዝርዝር ከገዢው ጠይቁ፤ የሚጠየቀው ሰነድና የሚፈተሸው ጭነት ብዛት የሚወሰነው በዚያ ነው።

ደረጃ 2፦ እውቀቱ ማን ጋ እንዳለ ለዩ

በአብዛኛው ድርጅት ጥሩ ዛላ የሚለየው አንድ ገዢ ሠራተኛ ነው። በእጁ ጨብጦ፣ አንኮሻኩሾ፣ አሽትቶ ይወስናል። ችሎታው እውነተኛ ነው፤ ግን ሰውዬው ሲታመም ወይም ሌላ ነጋዴ ሲወስደው አብሮት ይሄዳል። የውጭ ገዢም «የእኛ ሰው ያውቃል» የሚል ማስረጃ አይቀበልም።

ከዚህ ሠራተኛ ጋር ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ሃያ ዛላ አቅርቡለትና አንድ በአንድ «ይህን ለምን ተቀበልክ? ይህን ለምን ጣልክ?» ብላችሁ የሚለውን በራሱ ቃል ጻፉ። ከዚያ የተቀበላቸውንና የጣላቸውን ዛላዎች በየወረቀቱ ለጥፉና ግዢ ቦታው ላይ ስቀሉት፤ አዲስ ሠራተኛ የሚማረው ከዚያ ነው። ቀለሙ ስለሚደበዝዝ በየወሩ በአዲስ ዛላ ተኩት።

በዚሁ ቀን አንድ ሰው ለትምህርት ሥራ መድቡ። ሌላ ሥራ ቢኖረውም በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን የእሱ ይሁን፦ መለኪያዎቹን ማንበብ፣ መዝገብ መያዝ፣ ከላቦራቶሪ፣ ከምርምር ማዕከልና ከገዢ የሚመጣውን ማንበብና ለሌሎቹ ማስረዳት። ይህ ሰው ከሌለ ከውጭ የመጣ ሥልጠናም ሆነ ሰነድ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ድርጅት የውጭ እውቀትን መጠቀም የሚችለው ተቀብሎ የሚፈታው ሰው በውስጡ ሲኖር ነው።

ደረጃ 3፦ እርጥበትን በማሰሮ ለኩ

ሻጋታ የሚበቅለው በዛላው ውስጥ ባለው ጠቅላላ ውሃ ሳይሆን ሻጋታው ሊጠቀምበት በሚችለው ውሃ ነው። ይህን በርካሽ መለካት ይቻላል።

ሀ. መጀመሪያ መለኪያውን ፈትሹ። በትንሽ ክዳን ላይ አንድ ማንኪያ የገበታ ጨው አድርጉ፤ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ጥቂት የውሃ ጠብታ ጨምሩ። ከመለኪያው ጋር ማሰሮ ውስጥ ከታችሁ ክደኑና ጥላ ውስጥ ለ12 ሰዓት አቆዩ። ትክክለኛው ንባብ 75 በመቶ ነው። መለኪያው 71 ካለ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ንባቡ ላይ 4 ደምሩ፤ ልዩነቱን ጀርባው ላይ ጻፉት። በየወሩ ድገሙት።

ለ. ከሎቱ (አንድ ላይ ከተሰበሰበው የዛላ ክምችት፤ ደረጃ 6ን ተመልከቱ) ከተለያየ ቦታ የተወሰደ ዛላ ፍሬው እንዲወጣ ሰባብራችሁ የማሰሮውን ሁለት ሦስተኛ ሙሉ። መለኪያውን ከላይ አስቀምጡና ክደኑ።

ሐ. ንባቡ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ብዙውን ጊዜ ሌሊቱን ማሳደር ይበቃል። ማሰሮው ፀሐይ ላይ ከዋለ ንባቡ ይሳሳታል።

መ. ከ65 በታች ከሆነ ለማከማቸት ደኅና ነው። ከ65 እስከ 70 ከሆነ ወደ ማድረቂያ መልሱ። ከ70 በላይ ከሆነ ጆንያ ውስጥ ማሳደር የለባችሁም። አፍላቶክሲን የሚያመርተው ሻጋታ ለመብቀል ወደ 80 የሚጠጋ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ 65 ላይ መቆም ለመንገዱና ለባሕሩ ጭማሪ ቦታ ይተዋል።

ማሰሮው የሚነግራችሁ ደኅንነቱን እንጂ የውሃውን መቶኛ አይደለም። መቶኛውን ለማግኘት የራሳችሁን ሰንጠረዥ ሥሩ። ከእርጥብ እስከ ክው ያለ ድረስ ስድስት የተለያየ ድርቀት ያላቸው ናሙናዎች አዘጋጁ፤ እያንዳንዱን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን በማሰሮ ለኩ፣ ግማሹን አሽጋችሁ ለእርጥበት ምርመራ ላኩ። ውጤቶቹን ጎን ለጎን ስትጽፉ «በእኛ ዛላ ማሰሮው ይህን ሲያነብ ውሃው ይህን ያህል ነው» የሚል የራሳችሁ ሰንጠረዥ ይኖራችኋል። በገበያ ያለው የእህል እርጥበት መለኪያ ለበቆሎና ለስንዴ የተስተካከለ ስለሆነ ለበርበሬ የሚሰጠው ቁጥር በቀጥታ አይታመንም።

ደረጃ 4፦ ዋጋን በእርጥበት ተምኑ

ገበሬው ወይም ሰብሳቢው ዛላው እንዳይሰበር፣ ሚዛንም እንዲያነሳ ውሃ የሚረጭበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ የምትከፍሉት በኪሎ ነው። እየመከሩ በኪሎ መክፈል ዋጋ የለውም፤ ክፍያው ራሱ መቀየር አለበት።

ስሌቱ ይህ ነው፦ የተመዘነው ክብደት × (100 − የተለካው እርጥበት) ÷ 90። እርጥበቱ የማሰሮው ንባብ ሳይሆን በደረጃ 3 ሰንጠረዛችሁ የምታገኙት የውሃ መቶኛ ነው። መነሻው 10 በመቶ እርጥበት ያለው ዛላ ነው። 14 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኪሎ 95.6 ኪሎ ሆኖ ይከፈላል፤ 18 በመቶ ያለው ደግሞ 91.1 ኪሎ። አድርቆ ያመጣው ገበሬ ግን በክብደት ያጣውን በስሌቱ መልሶ ያገኛል፤ 8 በመቶ ያለው 100 ኪሎ 102.2 ሆኖ ይታሰባል። ከዚህ በላይ ለንጹሕ ዛላ ትንሽ ጭማሪ ካልከፈላችሁ ግን ማንም ቆጥ አይሠራም፤ ስሌቱ ቅጣት ብቻ መስሎ ይታያል።

ሰንጠረዡን በትልቁ ጽፋችሁ ሚዛኑ አጠገብ ስቀሉ፤ ሻጩ ራሱ ማንበብ ይቻል። ውሃ ተረጭቶ የደረሰ ዛላ ግን በምንም ዋጋ ለውጭ ሎት አይገዛ። መልሶ ማድረቅ ሻጋታውን ሊያቆመው ይችላል እንጂ የተሠራውን መርዝ አያጠፋውም፤ መቁላትም መፍጨትም አያጠፋውም።

ደረጃ 5፦ ማድረቂያውን ሞክሩ፣ ሙከራውንም መዝግቡ

ለውጥ በግምት አይጀመርም። የሚከተለውን ሙከራ በአንድ ወር ውስጥ መጨረስ ይቻላል።

1) በአንድ ቀን ከአንድ ማሳ የተለቀመ 100 ኪሎ ቀይ ዛላ ውሰዱና ለሁለት 50 ኪሎ ክፈሉ። ከተለያየ ማሳ ከሆነ ልዩነቱ ከማድረቂያው ይሁን ከዘሩ አታውቁም።

2) አንዱን 50 ኪሎ እንደተለመደው መሬት ላይ በሸራ አስጡ። ሌላውን ከመሬት ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አድርጉ፤ ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። ከላይ ግልጽ ፕላስቲክ በቅስት ዘርጉ፣ ሁለቱን ጫፍ ለአየር ክፍት ተዉ። ጫፉ ከተዘጋ ከዛላው የወጣው ውሃ ፕላስቲኩ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል።

3) ሁለቱንም በቀን አራት ጊዜ አገላብጡ። ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ሸፍኑ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የጎጃም ሌሊት ጤዛ የቀኑን ድርቀት ይመልሰዋል። ጠዋት ጤዛው ሲተን፣ ወደ 3 ሰዓት ገደማ፣ ግለጡ።

4) በየቀኑ ጻፉ፦ ዝናብ ነበር? ደመና? የስንት ሰዓት ፀሐይ? ክብደቱስ ስንት ሆነ? ትኩስ ቀይ ዛላ ሦስት ሩቡ ያህል ውሃ ነው፤ ወደ 11 በመቶ ሲደርስ ከ3.6 ኪሎ ትኩስ 1 ኪሎ ያህል ደረቅ ይወጣል። ስለዚህ 50 ኪሎው ወደ 14 ኪሎ ሲጠጋ የማሰሮ ንባብ ጀምሩ።

5) ሲደርቅ ከእያንዳንዱ 100 ዛላ ቆጥራችሁ ሰንጥቁ። ውጪው የሚያምር ዛላ ውስጡ በፍሬው ዙሪያ ግራጫ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ሊይዝ ይችላል፤ ላዩን ብቻ የሚያይ ለቃሚ ይህን አያገኝም። የተበላሹትን፣ የነጡትንና የተሰበሩትን ለየብቻ ቁጠሩ።

6) ሙከራውን በሦስት የተለያዩ ማሳዎች ድገሙ። ከዚያ የሦስቱን የቆጥ ናሙና ቀላቅላችሁ አንድ፣ የሦስቱን የመሬት ናሙና ቀላቅላችሁ አንድ ወደ ላቦራቶሪ ላኩ።

በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ቆጡንም፣ የለቀማውን ጊዜም፣ ዘሩንም በአንዴ ከለወጣችሁ የተሻለው በየትኛው እንደሆነ ለገዢውም ለራሳችሁም ማስረዳት አትችሉም። ያልሠራውንም ሙከራ መዝግቡ፤ አለዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ ገንዘብ ድጋሚ ያወጣበታል።

ደረጃ 6፦ ለእያንዳንዱ ሎት ቁጥር ስጡ

ሎት ማለት በአንድ ሳምንት፣ ከአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ዓይነት አደራረቅ የተሰበሰበ ዛላ ይሁን። ትልቅ አታድርጉት፤ ከ20 ኩንታል አይብለጥ። ችግር ሲገኝ የምትጥሉት አንዱን ሎት ስለሆነ ሎቱ ባነሰ ቁጥር ኪሳራው ያንሳል።

ቁጥሩ የቀበሌውን መለያ፣ ሳምንቱንና ተራውን ይያዝ፤ ለምሳሌ «ወ03-ኅ2-07»። በካርድ ጽፋችሁ አንዱን ጆንያው ውስጥ አስገቡ፣ አንዱን ውጭ ስፉ። በመዝገቡ ላይ የገበሬዎቹ ስም፣ የየአንዳንዱ ኪሎ፣ የተለቀመበት ቀን፣ የማሰሮ ንባብ፣ የ100 ዛላ ቆጠራና የመረመረው ሰው ፊርማ ይግባ።

መዝገቡ እንደሚሠራ ፈትኑት። በማንኛውም ቀን አንድ ጆንያ ዝም ብላችሁ ጠቁሙና ሠራተኛው በ2 ሰዓት ውስጥ እስከ ገበሬው ድረስ ይመልሰው። ካልተቻለ የጎደለው ረድፍ የቱ እንደሆነ ያኔ ይታያል፤ ገዢው ጠይቆ ከሚታይ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ናሙናን በአግባቡ ውሰዱ

አፍላቶክሲን በሎቱ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ ጥቂት የሻገቱ ዛላዎች የሎቱን መርዝ በሙሉ ሊይዙ ይችላሉ። ከላይ ካሉት ሁለት ጆንያዎች የተጨበጠ ዛላ ዕድል እንጂ ናሙና አይደለም።

በአውሮፓ የአወሳሰድ ሥርዓት ከ1 እስከ 2 ቶን ለሆነ የቅመም ሎት ከ40 የተለያየ ቦታ፣ ከ2 እስከ 5 ቶን ለሆነ ከ60 ቦታ፣ ከየቦታው 100 ግራም ያህል ይወሰዳል። ለ20 ኩንታል ሎት 4 ኪሎ መሆኑ ነው። አራቱን ኪሎ በሙሉ ፈጭታችሁ በደንብ ቀላቅሉና ለሦስት አሽጉ፦ ለላቦራቶሪ፣ ለገዢ፣ ለእናንተ። የእናንተን ጭነቱ ደርሶ ክፍያ እስኪጠናቀቅ በደረቅና በጨለማ ቦታ አቆዩት፤ ክርክር ቢነሣ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ወፍጮው ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ፈጭቶ ከሆነ በራሳችሁ ዛላ አጥባችሁት የመጀመሪያውን ጣሉ።

በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅትና ሌሎች ላቦራቶሪዎች አሉ። ከመላካችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ላቦራቶሪው የአይሶ 17025 (የላቦራቶሪ ብቃት ዓለም አቀፍ መስፈርት) እውቅና ያለው ለዚህ ምርመራ ራሱ ነው? በትክክል ሊለካ የሚችለው ትንሹ መጠንስ ስንት ነው? እውቅናው ለሌላ ምርመራ ከሆነ ወረቀቱን ገዢው አይቀበለውም።

ደረጃ 8፦ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ወደ ውጭ ሂዱ

የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የቡሬ ግቢ በቅርባችሁ ናቸው። «እርዱን» ብላችሁ ከሄዳችሁ የምታገኙት አጠቃላይ ሥልጠና ነው። የሙከራ መዝገባችሁን ይዛችሁ «በቆጥ ላይ ቀለሙ ነጣብን፤ ከፕላስቲኩ ነው ወይስ ከለቀማው ጊዜ?» ብትሉ ግን ተመራማሪው የሚሠራበት ነገር ያገኛል፤ ተመራቂ ተማሪም ለጥናት ሊመደብላችሁ ይችላል። የጥናቱ ውጤት በአማርኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ እንዲሰጣችሁ ከመጀመሪያው ተስማሙ።

ከገዢው ጋርም እንዲሁ ነው። ናሙናውን ያልተቀበለ ገዢ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲልክ ለምኑት፤ ያ ወረቀት ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል።

ደረጃ 9፦ ዛላ ወይስ ዱቄት?

ዱቄቱ፣ በተለይም የተቀመመው በርበሬ፣ የተሻለ ዋጋ ስላለው ብዙዎች በእሱ መጀመር ይፈልጋሉ። እኛ የምንመክረው በዛላ መጀመርን ነው። ዛላ ራሱን ያሳያል፤ ዱቄት ግን ከመርዙ በተጨማሪ አራት አዳዲስ ችግሮችን ይዞ ይመጣል።

የመጀመሪያው ሳልሞኔላ ነው፤ ዱቄት ሲሆን ብዙ እጅና ብዙ ዕቃ ይነካዋል። ገዢዎች በእንፋሎት የተመከነ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ኤቲሊን ኦክሳይድ በተባለው ጋዝ ማምከን በአውሮፓ የተከለከለ ነው። ሁለተኛው ቀለም ነው። ሱዳን የሚባሉት የኢንዱስትሪ ቀለሞች በምግብ ውስጥ የተከለከሉ ስለሆኑ ማንኛውም ቀይ ዱቄት ሊመረመር ይችላል፤ ከገበያ የተገዛ ዱቄት ከራሳችሁ ጋር መቀላቀል የለባችሁም። ሦስተኛው ወፍጮው ነው፦ ስንዴ፣ ኦቾሎኒ ወይም ሰናፍጭ የሚፈጭበት ወፍጮ ቤት ውስጥ የተፈጨ በርበሬ አለርጂ የሚያስነሳ ቅሪት ስለሚይዝ በውጭ ሕግ ያልተገለጸ አለርጂ ጭነትን ያስመልሳል። አራተኛው የብረትና የድንጋይ ብናኝ ነው፤ መውጫው ላይ ጠንካራ ማግኔት ግጠሙ፣ የሰበሰበውንም በየቀኑ መዝግቡ።

በጉምሩክ መለያም ይለያያሉ፦ ያልተፈጨ ደረቅ ዛላ 0904.21፣ የተፈጨ በርበሬ 0904.22፣ ከሌሎች ቅመሞች ጋር የተቀላቀለ ድልህ ያልሆነ ደረቅ ቅመም 0910.91።

ደረጃ 10፦ ወረቀትና ጭነት

የላኪነት ፈቃድ ከንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር፣ የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን፣ የመነሻ አገር ሰርተፊኬት፣ የተመዘገበ የሽያጭ ውል፣ የዋጋና የዕቃ ዝርዝር ያስፈልጋሉ። ሂደቱን ባንካችሁና የጉምሩክ አስተላላፊያችሁ ያውቁታል፤ የእናንተ ሥራ በሁሉም ወረቀት ላይ የሎት ቁጥሩ፣ የጆንያው ብዛትና ክብደቱ አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ወደ አሜሪካ የሚልክ ማቀነባበሪያ በአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመዝገብና እዚያ የሚኖር ወኪል ማቅረብ አለበት። ምዝገባው ራሱ ነፃ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል።

የጭነቱ ጠላት እርጥበት ነው። መኪናው ዓባይ በረሃን ወርዶ ይወጣል፣ ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ላይ ይግላል፣ ባሕር ላይ ይቀዘቅዛል፤ በጣራው ላይ የተቋጠረው ውሃ ዛላው ላይ ይንጠባጠባል። ከመጫናችሁ በፊት ውስጥ ገብታችሁ በሩን አዘጉና በቀዳዳ የሚገባ ብርሃን ካለ አስለውጡት። ወለሉንና ግድግዳውን በወፍራም ወረቀት አልብሱ፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ስቀሉ፣ የእንጨት መደላድሉ በሙቀት መታከሙን የሚያሳየውን ዓለም አቀፍ ማኅተም ፈትሹ። ዛላ ቀላል ስለሆነ ክብደቱ ሳይሞላ ቦታው ይሞላል፤ የማጓጓዣ ዋጋን ስታሰሉ በሜትር ኩብ አስቡ።

ማስጠንቀቂያ

- የበርበሬ ብናኝ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ያለ መሸፈኛና ያለ መነጽር ማንም አይፍጭ፣ አይልቀም። ዓይን ከተነካ በእጅ ሳይታሽ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ።
- የተባይ መከላከያ ጭስ ክኒን ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ይጠቀም፤ ሰው በሚያድርበት ወይም ከመኖሪያ ቤት ጋር በተያያዘ መጋዘን ፈጽሞ አይደረግ።
- ለበቆሎ ማከማቻ የሚነሰነስ ፀረ ተባይ ባለበት መጋዘን በርበሬ አታኑሩ። ቅሪቱ በምርመራ ይገኛል።
- ያገለገለ የማዳበሪያ ወይም የኬሚካል ጆንያ አትጠቀሙ።

ደረጃ 11፦ ከመጀመሪያው ጭነት ተማሩ

ጭነቱ ከደረሰ በኋላ ለገዢው አምስት ጥያቄ ላኩ፦ በደረሰበት ቀን እርጥበቱ ስንት ነበር? የአፍላቶክሲን ውጤቱስ? የተሰበረው ስንት በመቶ ነው? የትኛው ሎት ተሻለ? ደንበኞቹ ምን አሉ? መልሱን ደረጃ 1 ላይ በጻፋችሁት ገጽ በቀኙ ረድፍ አስገቡ። የገዢው ላቦራቶሪና የእናንተ ውጤት ከተራራቁ መጀመሪያ የናሙና አወሳሰዱን ፈትሹ፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ቅሬታ ከመጣ የሎት ቁጥሩን ይዛችሁ እስከ ማሳው ተመለሱ፤ ምክንያቱን፣ የለወጣችሁትን አሠራርና የለወጣችሁበትን ቀን ለገዢው ጻፉለት። ከዚያ ለውጡን ግዢ ቦታ ላይ በተሰቀለው ወረቀት ጨምሩ። መሳቢያ ውስጥ የቀረ እርምት በሚቀጥለው ጥቅምት አይታወስም።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

ናሙናው ጥሩ፣ ጭነቱ መጥፎ ሆኖ መገኘቱ። ናሙናው በእጅ ተለቅሞ ተልኳል ማለት ነው። የሚላከው ናሙና ከሚጫነው ሎት፣ በደረጃ 7 አኳኋን የተወሰደ ይሁን።

ደርቆ የገባ ዛላ መጋዘን ውስጥ መሻገቱ። ጆንያው ሲሚንቶ ወለል ላይ ወይም ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ከወለል 15፣ ከግድግዳ 50 ሳንቲ ሜትር አርቁት፤ በየ15 ቀኑም የማሰሮ ንባብ ድገሙ።

ቀለሙ መንጣቱ። ረጅም ጊዜ ቀጥታ ፀሐይ መትቶታል፣ ወይም ሳይቀላ ተለቅሟል። የመጨረሻዎቹን ቀናት በጥላ አድርቁ፤ ሙሉ በሙሉ ያልቀላውን ለይታችሁ ለአገር ውስጥ ገበያ አውሉት።

መዝገቡ በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ የተሞላ መሆኑ። ኦዲት የሚያደርግ ገዢ ይህን ወዲያው ያየዋል፤ እውነተኛውንም ቁጥር አያምነውም። በየቀኑ ይጻፍ፤ የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዝና ይፈረምበት እንጂ አይፋቅ።

ከመስፈርት ያለፈን ሎት ከንጹሕ ጋር ቀላቅሎ ማቅለል። በአውሮፓ ሕግ የተከለከለ ነው፤ መርዙም እኩል ስለማይሰራጭ የተቀላቀለው ሎት በአንዱ ምርመራ አልፎ በሌላው ይወድቃል። ከመስፈርት ያለፈው ሎት ወደ አገር ውስጥ ገበያም መሄድ የለበትም፤ ለይታችሁ፣ ምልክት አድርጋችሁ፣ በመዝገብ አስወግዱት።